ከአርባ ቀን በኋላ

በዘጠኝ ዓመቴ አንድ የሞተ ሰው ከሞት አስነሣሁ። መሣሪያዬ የቴሌቪዥን ሪሞት ነበር፤ ማስረጃዬ ደግሞ ሦስት ጣት ብቻ ያለው ግራ እጅ።

አሁን ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ እንጀራዬም ፊልም ማየት ነው። የሲኒማ ፊልም አይደለም። የነዳጅ ቧንቧ ሲበየድ ብየዳው በኤክስሬይ ይነሣል፤ እኔ ፊልሙን መብራት ላይ ዘርግቼ አነባለሁ። ጥቁር መስመር ካየሁ፣ ብረቱ ውስጥ ያለ ስንጥቅ ነው ወይስ ፊልሙን የነካ የሰው ጥፍር ብዬ ለይቼ እፈርማለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ ሽማግሌ በመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ ብሎኝ ነበር፦ «የምትፈልጊውን ስታገኚ ማየትሽን እንዳታቆሚ። ሰው የሚሳሳተው ካገኘ በኋላ ነው።» ራሴን ነቀነቅሁ። ለእኔ አሥር ዓመት የዘገየ ምክር መሆኑን ግን አላወቅሁም።

ነገሩ የሆነው እንደ ፈረንጆቹ በ2007 ነው። ያኔ የካናዳዋን ካልጋሪ ነዳጅ አስክሯት ነበር ይላሉ። እኔ የማስታውሰው ሁለት ነገር ነው፦ የሱቅ በር ሁሉ «ሠራተኛ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት ነበረበት፤ ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ደግሞ ይደክማቸው ነበር። አባቴ ሰሜን፣ ነዳጅ የሚወጣበት ካምፕ፣ ሃያ ቀን ሠርቶ ለስምንት ቀን ይመጣል። ከስምንቱ ሦስቱን ይተኛል። እናቴ ዳውንታውን ሆቴል ታጸዳለች። ከሺፍት ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ደረጃው ላይ ቁጭ ትልና «አንድ ደቂቃ ፀሎትዬ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ» ትለኛለች።

የምንኖረው ፔንብሩክ ሜዶውስ፣ እትዬ ቆንጅት ቤት ምድር ቤቱን ተከራይተን ነው። እትዬ ቆንጅት ላይኛው ቤት ከልጃቸው ከማትያስና ከአባታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። እሳቸው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራሉ፤ ማትያስ ሃይስኩል ሊጨርስ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ወርጄ እናቴ እስክትመጣ የምቆየው ከአባታቸው ጋር ነበር። አባባ ወልደየስ ሰማንያ ዓመታቸው ነበር። ረጅም ናቸው፤ ቤት ውስጥም ኮፍያ ያደርጋሉ፤ ኪሳቸው ውስጥ ከረሜላ አይጠፋም። ፊደል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስሜን ስጽፍ ግን ሁልጊዜ ይከፋቸዋል።

«ጸሎት የሚጻፈው በጸሎቱ ጸ ነው። ማነው ይኼን ፀሐዩን የሰጠሽ?»

«እማዬ ናት።»

«ጴንጤ ምን ያድርግ» ይሉና ይስቃሉ።

እኛ የአማርኛ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ነበር የምንሄደው፤ እነሱ ኦርቶዶክስ ናቸው። ልዩነቱ ለእኔ ጎልቶ የሚታየኝ በዓመት አንድ ቀን፣ ኅዳር ሚካኤል ዕለት ነበር። ያን ቀን አባባ ወልደየስ ሳይወለዱ ለሞተው አባታቸው ሙት ዓመት ያወጡ ነበር። ትልልቅ ድፎ ዳቦ ይጋገራል፤ ለሰፈሩ የሐበሻ ልጅ ሁሉ ይቆረሳል። ዳቦውን የተቀበለ ሁሉ «ነፍስ ይማር» ማለት አለበት። እናቴ መጀመሪያ አልፈቀደችም ነበር። በኋላ ስትደክም እንደምታደርገው ግማሽ መንገድ መጣች።

«ዳቦ ዳቦ ነው፤ ብዪ። ‹ነፍስ ይማር› ግን እንዳትዪ። እኛ ለሞተ ሰው አንጸልይም።»

እኔም ዳቦውን አፌ ውስጥ አድርጌ፣ እያኘክሁ፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ እለው ነበር።

ለቄሱ የሚሰጠውን ቁራጭ ወረቀትም ሦስት ዓመት በተከታታይ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ የፊደል ፈተናዬ እሱ ነበር። ለሙታን ሲጸለይ የሚጠራው ሰው የሚታወቅበት ስም አይደለም፤ የክርስትና ስሙ ነው። የአባባ ወልደየስ አባት ገረመው ይባሉ ነበር። ወረቀቱ ላይ የምጽፈው ግን ሌላ ስም ነው። ስሳሳት ሌላ ወረቀት ያቀብሉኛል፤ እንደገና እጽፋለሁ።

ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋል፤ ምክንያቱም ዳቦው ሲቆረስ ይነገራል። ገረመው ከተጉለት አዲስ አበባ ወርዶ ለፈረንጆች ጓዝ ተሸካሚነት ተቀጠረ። ፈረንጆቹ የሚዞር መኪና ይዘው አገር ያነሣሉ። «መኪና» የሚሉት ካሜራውን ነው። ከወራት በኋላ የፈረንጆቹ አስተርጓሚ ሸማውን አጣጥፎ ለእርጉዝ ሚስቱ አመጣላትና «ወንዝ ላይ አዞ በላው» አላት። ሬሳ የለም። ሸማው ተለቀሰበት፤ አርባው ወጣ፤ አባባ ወልደየስ ተወለዱ። እናታቸው የሺጥላ ሌላ ባል ሳታገባ አረጀች። ስለ አባታቸው የነገረቻቸው ሦስት ነገር ነው፦ ረጅም ነበር፤ ሲሄድ ያዜማል፤ ግራ እጁ ደግሞ ሦስት ጣት ብቻ ነበረው፣ ሁለቱን ጠመንጃ ፈንድቶ ወስዶበታል።

በዚያ ዓመት መስከረም መጨረሻ ማትያስ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሞቶ ልጆቹ ቤቱን ሲያጸዱ የቆርቆሮ ሙዳይ ውስጥ ፊልም አግኝተዋል። ሰማንያ ዓመት የሆነው ነው፤ ድምፅ የለውም፤ የተነሣው ኢትዮጵያ ነው። የፊልም መዝገብ ቤቱ ሰዎች ምን እንደሚታይበት የሚነግራቸው ሽማግሌ ይፈልጋሉ።

«አባባ፣ ፍሪ ነው። ኩኪስም አለ» አላቸው ማትያስ።

ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ስምንት ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። እኔ አባባ ወልደየስ አጠገብ ተቀመጥሁ። አንዲት ቀጭን ሴትዮ ደብተር ይዛ ቆማለች። መብራቱ ጠፋ፤ ግራጫ ተራራ መጣ፤ በቅሎ መጣች። ወዲያው ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ።

«ይኼ ገበያ ሸንኮራ ነው!»

«ምን ሸንኮራ! አሊዩ አምባ ነው እንጂ። ግመሎቹን አታይም?»

«እንዴት ያለ የከሳ በሬ ነው እናንተ! ጌታው አያፍርም?»

በሥዕሎቹ መካከል ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ ይመጣል። ማትያስ አንዱን ጮክ ብሎ ተረጎመው፦ «ማንም ሰው እግሩ ያልረገጠው ምድር።»

«እኛስ ከየት መጣን ታዲያ?» አሉ አንዲት ባልቴት፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሴትዮዋ ምን እንዳሳቃቸው ጠየቀችና ጻፈች።

ከዚያ ወንዙ መጣ። አንድ ረጅም ሰው ገመድ ይዞ ወደ ውሃው ይገባል። ገመዱን በግራ እጁ፣ በሦስት ጣት፣ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዞታል። አባባ ወልደየስ ቆሙ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ከኋላ የነበሩት ሰውዬ «ጋሼ፣ ከለሉን እኮ» አሉ፤ እሳቸው ግን አልተቀመጡም። ሰውዬው ወደቀ፤ ውሃው ተናወጠ፤ አዞ አፉን ከፈተ፤ ባርኔጣ ተንሳፈፈ። ከዚያ ጽሑፍ መጣ። እኔ አነበብሁላቸው፤ በዚያን ጊዜው አማርኛዬ።

«ወንዙ ቤስት ሰውዬአችንን ወሰደው ይላል።»

መብራት ሲበራ ፊታቸው እርጥብ ነበር። ስለ አዞው ያለቀሱ መሰለኝና እጃቸውን ያዝኋቸው።

ሴትዮዋ ለመጣው ሁሉ የፊልሙን ዲቪዲ ሰጠች። ከዚያ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራችን ያው ሆነ። አባባ ወልደየስ ሶፋው ላይ፤ እኔ ምንጣፉ ላይ፤ ሪሞቱ በእኔ እጅ። ሰባ አንድ ደቂቃ። አራት ፈረንጆች ወርቅ ጣሪያ ያለው የጠፋ ቤተ መቅደስ ይፈልጋሉ፤ መሪያቸው ጺማም ነው። ቤተ መቅደሱ ተረት ነው፤ ገበያው፣ አቧራውና ዝንቡ ግን እውነት። ሁለቱ እንዴት እንደተቀላቀሉ ያኔ አልገባኝም፤ ለእኔ የታየ ሁሉ የሆነ ነገር ነበር፤ ያውም በታየበት ቅደም ተከተል።

ፊልሙን በቃላችን አወቅነው። የየራሳችን ቦታ ነበረን። አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ተሸካሚዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያርፋሉ። አባባ ወልደየስ ሁልጊዜ እዚያ ላይ «እነዚህ ሐዘንተኞች ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማን ሞቶባቸው ይሆን?» ይላሉ፤ ቀጥለውም «ማንም ይሁን፤ ነፍስ ይማር።» እኔም ከሥር ከሥር እደግመዋለሁ፤ የፊልሙ ክፍል መስሎኝ። ወንዙ ላይ ሲደርስ ከሶፋው ተነሥተው ቴሌቪዥኑ ሥር ይንበረከካሉ። ሰውዬው ወደ ውሃው ሲገባ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጆሯቸውን ወደ መስታወቱ ያስጠጋሉ።

«አባባ፣ ድምፅ የለውም እኮ።»

«ዐውቃለሁ ልጄ። ዐውቃለሁ።»

የእኔና የማትያስ ቦታ ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ነበር። ሰውዬው ከወደቀ በኋላ፣ ዳር ከቆሙት ተሸካሚዎች አንዱ ሣጥኑን ከትከሻው ጥሎ እየሮጠ ይገባል፤ ከዚያ ሥዕሉ ይቆረጣል። ሩጫው ያስቃል፤ የድሮ ፊልም ሰው ሁሉ ሲሮጥ ያስቃል።

«ላይክ፣ ጋይ ጀስት ኩዊት» ይላል ማትያስ። «ሥራውን ለቀቀ!»

«አትሳቁ» አሉ አንድ ቀን አባባ ወልደየስ። «ሰው እየሞተ ነው።»

«አባባ፣ አዞው ፌክ ነው እኮ። ሴትዮዋ ነግራናለች። ከሌላ ቦታ አንሥተው ነው የቀጠሉት። አክቲንግ ነው ሁሉም።»

«አዞው ውሸት ሊሆን ይችላል» አሉ አባባ ወልደየስ። «ወንዙ ግን እውነት ነው።»

ማትያስ ወደ እኔ ዞሮ ትከሻውን ሰበቀ። እኔም ሰበቅሁ፤ ትልቅ ሰው የሆንሁ መሰለኝ።

የዚያ ዓመቱ ሙት ዓመት እንደሌላው ጊዜ እንዲሆን አልፈለጉም። ቄሶቹን በሙሉ ሊጠሩ፣ ሌላ ሰፈር ያለውን የሐበሻ ልጅ ሁሉ ሊያበሉ አሰቡ። ሰማንያ ዓመት ሙሉ በወሬ ያለቀሱለትን ሰው አሁን አይተውታል። እትዬ ቆንጅት ገና ከሥራ ገብተው፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ይከራከሯቸው ነበር።

«አባዬ፣ ሺፍቴን ማን ይሸፍንልኛል? ሰው የለም እኮ! ሁሉም ወደ ነዳጁ ሄዶ ሽማግሌ የሚያጥብ ሰው ጠፍቷል!»

«እኔ ላጥብልሽ?»

«እርስዎን ማን ያጥባል ታዲያ?»

ሳቁ። በመጨረሻ እትዬ ቆንጅት ኅዳር ሚካኤልን ፈቃድ ወሰዱ። እኔም ወረቀቱን ጻፍሁ፤ በአንድ ጊዜ፣ ሳልሳሳት።

ማክሰኞ ነበር። የመጀመሪያው ጠንካራ በረዶ ጥሏል፤ ካልሲዬ ራዲያተር ላይ ነው። ፊልሙ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ጥቁር ገጽ ይመጣል፤ ከዚያ ተራራ ጫፍ ላይ ፈረንጆቹ ባንዲራ ይተክላሉ። ያን ክፍል ብዙ ጊዜ አናየውም ነበር፤ አባባ ወልደየስ ከወንዙ በኋላ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔ ግን አየሁ። ከባንዲራው ጀርባ፣ ሣጥኖች በተደረደሩበት፣ አንድ ረጅም ሰው የበቅሎ ልጓም ይዟል። በግራ እጁ። ፖዝ አደረግሁ። ወደ መስታወቱ ቀረብሁ። ጣቶቹን ቆጠርሁ።

«አባባ! አባባ ወልደየስ! አልሞቱም!»

ዐይናቸውን ገለጡ።

«አባትዎ! ይኸው! አዞው አልበላቸውም፣ ይኸው በቅሎ ይዘው!»

መነጽራቸውን አደረጉ። ተንበረከኩ። ጣቴን መስታወቱ ላይ አድርጌ እንደ አስተማሪ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አልኋቸው።

«ጽሑፉ ምን ይላል?» አሉ።

ወደ ኋላ መለስሁት። አነበብሁላቸው። «ከአርባ ቀን በኋላ ተራራው ጫፍ ደረስን።»

«ስንት?»

«ፎርቲ። አርባ።»

መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ፤ ሰውዬው ከነበቅሎው ተሸፈነ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ራሴን ዳበሱኝ።

«ጎበዝ። ዐይንሽ ጎበዝ ነው» አሉ። ኪሳቸው ውስጥ የነበረውን ከረሜላ በሙሉ፣ አምስቱንም፣ ሰጡኝ። «ዛሬ ታች ሆነሽ እናትሽን ጠብቂ፤ እሺ?»

እንዲህ ብለውኝ አያውቁም ነበር። በደስታ እንባ ፊት ልጅ መቆም የለበትም ብዬ ገመትሁ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሰዎች በደስታ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ከረሜላዬን ይዤ ወረድሁ።

እዚህ ላይ ቆሜ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ለእኔ አባት ማለት ሄዶ የሚመለስ ሰው ነበር። ፍሪጃችን ላይ ካላንደር አለ፤ ሃያ ሣጥን እሰርዛለሁ፤ ሃያ አንደኛው ላይ አባቴ በሩን ያንኳኳል። ከሞተ አባትና በሕይወት ካለ አባት የትኛው ይሻላል ብሎ መጠየቅ ራሱ ለእኔ ጥያቄ አልነበረም። በሕይወት ኖሮ ያልተመለሰ አባት ከሞተው እንደሚከፋ ለማወቅ ያልተመለሰ ሰው ማየት ያስፈልጋል፤ እኔ አላየሁም።

ያን ምሽት አባቴ ከካምፕ ሲደውል ሁሉንም ነገርሁት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ?» አልሁ።

«ፀሎቴ» አለ፣ «ከእንግዲህ ስለ ፊልሙ ለአባባ ምንም እንዳትነግሪያቸው። እሺ የኔ ልጅ?»

ደክሞት ነው አልሁ።

ኅዳር ሚካኤል መጣ፤ ዳቦ የለም። እትዬ ቆንጅትና እናቴ ደረጃው ላይ ቆመው ያወራሉ፤ እኔ ከበሩ ኋላ ነኝ።

«‹በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት የለም› አሉኝ አባዬ» ይላሉ እትዬ ቆንጅት። «ቄሱ ጋ ራሳቸው ደውለው ስሙን አሰረዙት። ፈቃዴን ወስጄ፣ ዱቄቱን አቡክቼ!»

«የፊልም ነገር እኮ ነው፤ ምን ይታመናል?» አለች እናቴ።

«እጁን አየሁት፣ እሱ ነው ይላሉ። አስተርጓሚው ዋሽቶ ነው፤ ሰውዬው ሌላ ቤት ሠርቶ ኖሯል። እናታቸው ስትጠብቀው ነው ያረጀችው። ሳለቅስለት የኖርሁት ጅል እኔ ነኝ ይላሉ። ሸዋዬ፣ ሰማንያ ዓመት!»

ሸዋዬ እናቴ ናት፣ ሸዋወርቅ። በረጅሙ ተነፈሰች። «እኔ ልጄን ልቆጣት ነው።»

«ኧረ ተይ! እሳቸው ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ‹ልጅቷ እንዳትሰማ። የምሥራች ብላ ነው ያመጣችልኝ።›»

የሰማሁት ይህን ሁሉ ነው። የገባኝ ግን «የምሥራች» የሚለው ብቻ ነበር። ዳቦው የሐዘን ዳቦ ስለነበረ ሐዘኑ ሲቀር ዳቦውም ቀረ፤ እንዲህ አድርጌ አሰላሁት። ዳቦውን እወድ ነበርና፣ ለአባባ ወልደየስ ደስታ የተውሁት ስለመሰለኝ ኩራት ተሰማኝ።

ያን ክረምት ሙሉ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው መንገዱን ያዩ ነበር። ፊልሙ አልተከፈተም። አንድ ቀን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ አልኋቸው፦

«አባባ፣ አባትዎ የሚመጡት መቼ ነው?»

ዕድሜውንም አስልቼ ነበር። እትዬ ቆንጅት መጦሪያ ውስጥ የመቶ ሦስት ዓመት ሴትዮ ስላለች ይቻላል ብዬ ደምድሜ ነበር።

«መንገዱ ሩቅ ነው ልጄ» አሉኝ። ከረሜላም ሰጡኝ።

እኛ ካስልሪጅ ቤት ገዝተን ከዚያ ወጣን። እሳቸው በ2011 ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «የወይዘሮ የሺጥላ ልጅ» ተባለ እንጂ የአባታቸው ስም አልተጠራም። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። አንባቢው የዘለለው መሰለኝ።

ባለፈው ጥቅምት እትዬ ቆንጅት የፔንብሩኩን ቤት ሸጠው ኮራል ስፕሪንግስ፣ ማትያስ ጋ ገቡ። ዕቃ ሲለዩ ደወሉልኝ። «ያቺ ያንቺና የአባዬ ፊልም አለች። ትወስጃታለሽ ወይስ ልጣላት?» ወሰድሁት። እሑድ ከሰዓት፣ ለትዝታ ብዬ፣ ከፈትሁት። ዐይኔ ግን አሁን ለሥራ የሠለጠነ ዐይን ነው፤ ልዝጋው ብል እንኳን አይዘጋም። ወረቀትና እርሳስ አመጣሁ።

ባንዲራው ጋ ሄጄ ያኔ ያቆምሁበት ሥዕል ላይ አቆምሁ። እጁ አለ፤ ሦስት ጣት። ትክክል ነበርሁ። ከዚያ በልጅነቴ ያላደረግሁትን አደረግሁ፤ ማየቴን ቀጠልሁ። ከሰውዬው ጀርባ የሣጥን ረድፍ አለ። አንዱ ጎኑ ላይ ሰባት ቁጥር ተጽፎበታል። አራቱም ማዕዘኑ ሙሉ ነው።

ወደ ወንዙ ሄድሁ። ያ የሚያስቀን ሯጭ ከትከሻው የጣለው ሣጥን ሰባት ቁጥር ነው። ድንጋይ ላይ በማዕዘኑ ወደቀ፤ ስንጣሪው ሲፈናጠር ይታያል።

ከዚያ አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ። ተሸካሚዎቹ ያረፉበት። ሰባት ቁጥር ሣጥን ከፊታቸው አለ፤ ማዕዘኑ ተሰብሮ በጠፍር ታስሯል።

የተሰበረ እንጨት ራሱን አይጠግንም። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ያነሡትን ሁሉ ቆራርጠው ለተረታቸው እንደሚመች አድርገው ቀጥለውታል። ተራራው የተነሣው ከወንዙ በፊት ነው። «ከአርባ ቀን በኋላ» የሚለውን የጻፈው ካልጋሪ ወይም ለንደን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። በተነሣበት ቅደም ተከተል ስደረድረው መጀመሪያ ተራራው፣ ቀጥሎ ወንዙ፣ መጨረሻ ያረፉት ሰዎች ይሆናል። ተራራው ላይ ሃያ አንድ ተሸካሚ ቆጠርሁ። ሲያርፉ ሃያ። ባለሦስት ጣቱ የለም።

ሯጩን ደጋግሜ አየሁት። ሌሎቹ ትወናው እስኪያልቅ እንደታዘዙት ቆመው ወደ ካሜራው ያያሉ። እሱ ካሜራውን አያይም። አፉ በሰፊው ተከፍቷል። ከሱ ኋላ ሌላ ሰው ሸክሙን ሲጥል ይታያል፤ ከዚያ ተቆረጠ። ይህን ሁሉ ሳቅንበት።

ወረቀቱን ይዤ እትዬ ቆንጅት ጋ ሄድሁ። ያረጁት እጆቻቸው ላይ ነው፤ የሌላ ሰው ሽማግሌ ሲያጥቡ የኖሩ እጆች። ላፕቶፑን ከፍቼ በቅደም ተከተል አሳየኋቸው። ያረፉት ሰዎች ጋ ስንደርስ ጎንበስ አሉ።

«እነዚህ ሐዘንተኞች ናቸው» አሉ። «ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።»

ይህን ወረቀቴ ላይ አልጻፍሁትም ነበር። ሣጥን ስቆጥር ነጠላውን አላየሁም። ከዚያ የአባታቸው ድምፅ፣ ከሶፋው ላይ፣ በየቀኑ በዚያው ሰዓት፣ መጣብኝ።

«አባባም ይህን ይሉ ነበር» አልሁ። «ማን ሞቶባቸው ይሆን ይላሉ።»

እትዬ ቆንጅት ዐይናቸውን ከሥዕሉ ላይ አላነሡም።

«ከዚያስ?»

«‹ማንም ይሁን፤ ነፍስ ይማር› ይላሉ።»

«ስንቴ አሉት?»

«በየቀኑ። ፊልሙን እስክንተው ድረስ።»

«ለራሳቸው አባት።»

«አዎ።»

«ሳያውቁ።»

«ሳያውቁ።»

ላፕቶፑን በቀስታ ከደኑት። «እንዴት ደከመኝ ልጄ» አሉ። እኔን ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ይቅርታ እትዬ» አልሁ። እጃቸውን አወዛወዙ፤ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው።

«ልጅ ነበርሽ። እኔስ? ‹አባዬ፣ ቆይ እስኪ እንየው› ብዬ አንድ ቀን አብሬያቸው መቀመጥ አቅቶኝ ነው? ሺፍት አለብኝ፣ ሺፍት አለብኝ።»

ስልካቸውን አንሥተው ቄሱ ጋ ደወሉ። የተሰረዘ ስም ሊያስመልሱ እንደሚፈልጉ አስረዱ። ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑና ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ተለውጧል።

«የክርስትና ስሙን ይሉኛል። ማን ነበር? አባዬ ናቸው የሚያውቁት። ወይኔ! ማን ነበር?»

እንደ ሒሳብ ቀመር ሳይሆን እንደ ዘፈን ነበር የመጣልኝ። «አጽቀ ማርያም» አልሁ። ብዕር ይዤ ፖስታ ጀርባ ላይ ጻፍሁት፤ በጸሎቱ ጸ፣ በአንድ ጊዜ፣ ሳልሳሳት።

ኅዳር ሚካኤል ዕለት ሥራ ፈቃድ ጠየቅሁ። እናቴ ዳቦ በመሸከም ታግዛቸው ብዬ ይዣት ሄድሁ፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በረዶ ይጥላል። ቄሱ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አነበቡ፦ አጽቀ ማርያም፤ ከሥሩ የአባባ ወልደየስ የክርስትና ስም። አባትና ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ተጠሩ።

ዳቦው ተቆረሰ። እትዬ ቆንጅት ለእናቴ ሰጧት፤ ለእኔም ሰጡኝ። እናቴ ዳቦውን እያየች «ዳቦ ዳቦ ነው» አለች፤ ለራሷ ነው ያለችው። የሥራዬን ሕግ ዐውቃለሁ፤ ወንዙ ውስጥ የሆነውን እንዳየሁ አድርጌ መፈረም አልችልም። ለሙታን መጸለይንም አልተማርሁም። አፌ ውስጥ ግን ገና ምንም አላስገባሁም ነበር።

«ነፍስ ይማር» አልሁ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።